ሬቪት ላይ የምጭናቸው ነጻ ፕለጊኖች፣ የማልጭናቸውም

የምሠራው ደሴ፣ አንድ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነው። መኖሪያ ቤት፣ ከታች ሱቅ ከላይ ቤት የሆነ ሕንፃ፣ አልፎ አልፎም የእንግዳ ማረፊያ እንነድፋለን። ሥራው ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ወልዲያም ይወስደናል። ሞዴሉን የምንሠራው ሬቪት በሚባል የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም ነው። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ላፕቶፓቸውን እንደከፈቱ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኢንጂነር፣ የትኞቹን ፕለጊኖች ልጫን?»

መልሴ አያስደስታቸውም። «ትናንት ምን ስትሠራ ነው የሰለቸህ?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ሺት (ሥዕሉ የሚታተምበትን ገጽ) አንድ በአንድ መክፈት ከሆነ ለሱ የሚሆን አለ። የበር ቁጥር ማስተካከል ከሆነ ለሱም አለ። የሰለቸህ ነገር ከሌለ ግን ምንም አትጫን። ያገኘውን ሁሉ የጫነ ልጅ ሬቪቱ ተከፍቶ እስኪያልቅ አቦሉም ቶናውም ይጠጣል፤ በረካው ላይ ቢደርስለት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ላሉ ትንንሽ ቢሮዎችና ለጀማሪዎች ነው። ለፕለጊን ዶላር ለመክፈል አቅሙም ካርዱም ለሌለን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ሬቪት ዛሬ የኦቶዴስክ ነው፤ ኩባንያው የገዛው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ፕሮግራሙ ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን መሣሪያ ጽፈው እንዲጨምሩበት ይፈቅዳል። ፕለጊን ወይም አዲን የምንለው ይህንኑ ተጨማሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሪበኑ (ከላይ ያለው የአዝራሮች ረድፍ) ላይ አዲስ ታብ ሆኖ ይመጣል። ሬቪት ኤልቲ የሚባለውን ርካሹን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን እዚሁ ላይ ልንገራችሁ፣ እሱ ፕለጊን አይቀበልም። ስታወርዱ አትድከሙ።

ነጻ ስል ደግሞ ሠሪው ራሱ በነጻ የሰጠውን ነው። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ የሚዞረውን፣ አይደለም። ስለሱ ወደ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፓይሬቪትን እመርጣለሁ። የጀመረው ኢሳን ኢራን ነጃድ የሚባል አርክቴክት ነው፤ አሁን ብዙ ሰዎች በፈቃደኝነት ይሠሩበታል። ኮዱ ክፍት ነው። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ ይወርዳል፣ ይጫናል። አንዱን ኢንስታለር ጭናችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ላሉት የተለያዩ የሬቪት ቨርዥኖች ሁሉ ይሠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ ቢሮ ውስጥ አንዱ ፋይል በሬቪት 2022፣ ሌላው በሬቪት 2024 የተሠራ ነውና።

ውስጡ ብዙ መሣሪያ አለ። ሁሉንም አልጠቀምም፤ መጠቀምም አያስፈልግም። እጄ የለመደውን ልንገራችሁ።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ከላይኛው መንገድ ስትገቡ ምድር ቤት የሆነው ወለል፣ ከታችኛው መንገድ ሲታይ ሁለተኛ ፎቅ ይሆናል። ባለቤቱ መሀል ላይ ሐሳቡን ይቀይርና «ከታች አንድ ወለል ጨምርልኝ፣ መጋዘን አደርገዋለሁ» ይላል። ያኔ የክፍሎቹ ቁጥር በሙሉ ይዛባል። 101 የነበረው 201 መሆን አለበት፤ በሩም አብሮ ይቀየራል። ይህን በእጅ መቀየር ሥራ አይባልም፣ ቅጣት ነው። ሬቪት ሁለት ክፍል አንድ ቁጥር ሲይዙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ መሀል ላይ ስትደርሱ ማስጠንቀቂያው ተደራርቦ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ፓይሬቪት ውስጥ ሪነምበር የሚባል አለ። ክፍል ነው ወይስ በር ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ መነሻ ቁጥሩን ትሰጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ የእናንተ ሥራ በምትፈልጉት ቅደም ተከተል መጫን ብቻ ነው። ከደረጃው ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ በኮሪደሩ ዞሮ መመለስ። በሮቹንም በክፍላቸው ቁጥር ሊሰይም ይችላል። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ወለሉ ያልቃል።

ሁለተኛው የምወደው የእይታን ሁኔታ መቅዳት ነው። የአንዱን ወለል ፕላን ሺቱ ላይ የት ቦታ እንደተቀመጠ ይቀዳና ለሌሎቹ ወለሎች ይለጥፋል። ክሮፑንም (የእይታውን መቁረጫ ክፈፍ) እንደዚሁ። ታትሞ ሲገለበጥ የምድር ቤቱ ደረጃ ከአንደኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ልክ ይወድቃል። ለፈቃድ የሚያየው ባለሙያ ይህን ላያመሰግን ይችላል፤ ሳይት ላይ ያለው ፎርማን ግን ወረቀቱን ብርሃን ላይ ደራርቦ ሲያይ ይገባዋል።

ፓተርን (ግድግዳ ላይ የሚደጋገም የመስመር ንድፍ) መሥሪያውም አለ። እኛ አገር ጥርብ ድንጋይ ብዙ እንጠቀማለን፤ ሬቪት ይዞት የሚመጣው የድንጋይ ፓተርን ደግሞ የኛን ግንብ አይመስልም። ተደጋጋሚውን ክፍል በመስመር ሥላችሁ ትመርጡና ፓተርን ያደርግላችኋል። በጣም ዝርዝር አታድርጉት እንጂ። ፊት ለፊቱ ሙሉ በደቃቅ መስመር ከተሞላ እይታው ሲዞር ይንቀራፈፋል፤ ፒዲኤፉም ይከብዳል።

ኮድ መማር ለሚፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። ኦልት ቁልፉን ይዛችሁ አንዱን መሣሪያ ስትጫኑ የተጻፈበትን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ይነበባል። ከተለማማጆቻችን አንዷ በዚህ መንገድ ጀምራ ዛሬ ለቢሮው ትንንሽ መሣሪያ ትጽፋለች። እኔ እዚያ ደረጃ አልደረስኩም፤ አጠገቧ ተቀምጬ «እቴ፣ ይሄንንም ጨምሪልኝ» ማለት ግን ችያለሁ።

ወደ ኤክሴል እንምጣ። ቢኦኪው (የሥራና የዕቃ መጠን ዝርዝር) የሚሠራ ሰው ኤክሴልን ይወዳል፤ ሬቪት ደግሞ ስኬጁሉን (የበር፣ የመስኮት፣ የክፍል ሠንጠረዡን) ኤክሴል በሚከፍተው የጽሑፍ ፋይል ሲያወጣ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወጥቶ አይመለስም። ዲሩትስ የሚባል ድርጅት ዲሩትስ ዋን ብሎ በነጻ የሚሰጠው ጥቅል አለ። ውስጡ ያለው ሺትሊንክ የበር፣ የመስኮት፣ የክፍል መረጃ ወደ ኤክሴል ያወጣል። እዚያ ላይ ታስተካክሉና መልሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ሞዴሉ ላይ ይቀየራል። የማይነካ ሴልን በቀለም ይለይላችኋል። የኤለመንቱ መለያ ቁጥር ያለበትን አምድ ግን አደራ፣ አትንኩት። ተመልሶ ሲገባ የትኛው በር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ በደንብ ላሳያችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ የአንድ ሐጂ ሕንፃ ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያ። ሥዕሉን አይተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ የመጋዘኑ በር ጠበበ። ጆንያ የተሸከመ ሰው በዚህ ሲገባ ትከሻው ይላጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ይስተካከላል ሐጂ» አልኳቸው። በሩ 90 ሳንቲ ነበር፤ 120 ሊሆን ነው።

አሁን ኤክሴሉ ላይ ሄዳችሁ በመጋዘኑ በር ረድፍ 90ን 120 ብትሉት ምን ይሆናል? ስፋት በሬቪት የዓይነቱ ንብረት ነው፤ የአንዱ በር ብቻ አይደለም። የመጋዘኑም የላይኛው ቤት የመኝታ ክፍልም በር ያው የ90 ሳንቲ ዓይነት ከሆነ፣ ሁሉም አብረው 120 ይሆናሉ። መኝታ ቤት የጋራዥ በር የመሰለ ነገር ይገጠምለታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሬቪት ውስጥ የ90ውን ዓይነት አባዝታችሁ የ120 አዲስ ዓይነት ትፈጥራላችሁ። የመጋዘኖቹን በሮች መርጣችሁ ወደሱ ትቀይራላችሁ። ከዚያ በኋላ ኤክሴሉን አዲስ ታወጣላችሁ። አሮጌውን ኤክሴል እንዳትመልሱት፤ የቆየውን መረጃ ይዞ ይመጣና የሠራችሁትን ሊሽረው ይችላል።

ለዚህ ነው ኤክሴሉን ስሰይመው ቀኑን የምጽፍበት። ሳስገባም ሁልጊዜ በፋይሉ ቅጂ ላይ እጀምራለሁ። ፕለጊኑ ስላጠፋ አይደለም፤ የታዘዘውን ስለሚፈጽም ነው።

የአማርኛ ጉዳይም አለ። የክፍል ስም በአማርኛ ስትጽፉ በኤክሴሉ የራሱ ፋይል ከወጣ ደህና ነው። በሲኤስቪ (በኮማ በተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ካወጣችሁት ግን ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚቀመጥበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 ካላደረጋችሁ «መኝታ ቤት» ያላችሁት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፊደሉም ዩኒኮድ ይሁን። ኒያላ ወይም ኢብሪማ ይበቃል። በጥንቱ ዩኒኮድ ያልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ አርማና ርዕስ ከድሮ የኦቶካድ ፋይል ከመጣላችሁ እንደገና መጻፍ ነው እንጂ የሚያድነው ፕለጊን የለም።

ከዲሩትስ ጥቅል ፕሮሺትስ የሚባለውም ታዋቂ ነው። ሺቶችን በአንድ ጊዜ ወደ ፒዲኤፍና ወደ ኦቶካድ ያወጣል፣ ስማቸውንም ራሱ ይሰይማል። ጥሩ ነው። ግን ሬቪት ከ2022 ጀምሮ ፒዲኤፍ ራሱ ያወጣል፤ የስም ሕግም ማውጣት ይቻላል። የምትፈልጉት ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ያለውን ተጠቀሙ። ሁለቱንም አንድ ላይ የምታወጡ ከሆነ ፕሮሺትስን ጫኑ።

ዳይናሞን ብዙ ሰው ይፈራዋል። መፍራትም አያስፈልግም፤ በአዳዲሶቹ ሬቪቶች ላይ አብሮ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ማውረድ እንኳ የለበትም። ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ ለሬቪት ትእዛዝ መስጠት ነው። እኔ ራሴ ከባዶ ብዙ አልሠራም። ሌሎች የሠሩትን ወስጄ ዳይናሞ ፕሌየር በሚባለው እከፍተዋለሁ፤ ሳጥኖቹን ሳላይ አዝራር ተጭኜ እገላገላለሁ።

በጣም የጠቀመኝ የብሎኬት ቴክኦፍ (ከሥዕሉ መጠን ማውጣት) ላይ ነው። የሬቪት የግድግዳ ስኬጁል የበርና የመስኮቱን ቀዳዳ ራሱ ይቀንሳል። ኮንክሪት ኮለኑን (ምሰሶውን) ግን ከግድግዳው ጋር ጆይን ካላደረጋችሁት (ካላጣመራችሁት) አይቀንስም፤ ብሎኬቱ በኮለኑ ውስጥ አልፎ እንደሄደ ይቆጥረዋል። ሒሳቡን እዩት። ግድግዳ መሀል ያለ ባለ 30 ሳንቲ ኮለን፣ 3 ሜትር ከፍታ ቢኖረው 0.9 ካሬ ነው። በወለል 20 ኮለን ቢኖር፣ በጂ+3 ሕንፃ አራት ወለል፣ 72 ካሬ መጣ። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል። 900 ብሎኬት ማለት ነው። የሌለ ብሎኬት! ኮለኖችንና ግድግዳዎችን በአንድ ጊዜ ጆይን የሚያደርጉ የዳይናሞ ስክሪፕቶች በነጻ ይገኛሉ። ካደረጋችሁ በኋላ ግን አንድ ወለል መርጣችሁ በእጅ ቁጠሩና አመሳክሩ።

ፕለጊን የማያስፈልግበትንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይለፋል። ሰርቬየሩ የቦታውን ነጥቦች ቶታል ስቴሽን በሚባለው የመሬት መለኪያ መሣሪያ ለክቶ በሲኤስቪ ይሰጣችኋል። «ይህን ወደ ቶፖ (የመሬት ገጽ ሞዴል) የሚቀይር ነጻ ፕለጊን አለ ወይ?» ይላሉ። ሬቪት ራሱ ሲኤስቪ ያነባል። እስከ 2023 ቶፖሰርፌስ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቶፖሶሊድ ያደርገዋል። ችግሩ ሌላ ነው። የሰርቬየሩ ቁጥር ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት ዞን 37 ነው፤ ደሴ ላይ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን ያለው ርቀት) ከ1,230,000 ሜትር ያልፋል። ሬቪት ደግሞ ከውስጣዊ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር አይስማማውም። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሴክሽኑ ይበላሻል። መፍትሔው ኤክሴል ውስጥ መቀነስ ነው። ከነጥቦቹ አንዱን፣ ለምሳሌ የግቢውን ጥግ፣ መነሻ አድርጉና ከሁሉም ኖርዚንግና ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ ያለው ቁጥር) ላይ የሱን ቀንሱ። ከፍታውን አትንኩት። ትክክለኛው የዩቲኤም ቁጥር ደግሞ በሰርቬይ ፖይንቱ (ሞዴሉን ከእውነተኛው ቦታ ጋር በሚያያይዘው ነጥብ) ላይ ይመዘገባል። ፕለጊን ምን ይሠራል?

ለባለቤት የሚታይ ሥዕል የምትፈልጉ ደግሞ ትዊንሞሽን የሚባል ሞዴሉን እንደ ፎቶ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የዓመት ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ሁሉ ነጻ ነው። የኛ ቢሮ በዚህ በኩል ሥጋት የለበትም።

አሁን ወደ ክራኩ። በቴሌግራም የሚዞረውን ታውቁታላችሁ፤ «የሚከፈልበት ፕለጊን በነጻ፣ ፉል ቨርዥን»። ፕለጊን ሬቪት ውስጥ የሚሠራ ሙሉ ፕሮግራም ነው። እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ መክፈትና ማጥፋት የምትችሉትን ፋይል ሁሉ እሱም ይችላል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ነገር የደንበኛ ሥራ ያለበት ላፕቶፕ ላይ አይገባም። ነጻውንም ቢሆን ከሠሪው ገጽ፣ ከጊትሃብ ወይም ከኦቶዴስክ አፕ ስቶር አውርዱ። ኔት ሲገኝ ኢንስታለሩን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ያዙት፤ መብራትና ኔት እየጠበቁ መሥራት ያታክታል።

መጀመሪያ ስትከፍቱት ሬቪት ያልተፈረመ አዲን ነው ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሁልጊዜ ጫን፣ አሁን ብቻ ጫን፣ አትጫን የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ያወጣል። እኔ አዲስ ነገር ስሞክር አሁን ብቻ የሚለውን እነካለሁ። ሬቪት ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ይጠይቀኛል፤ ያኔ ከቆየሁበት ሁልጊዜ እለዋለሁ።

ሬቪት ከዘገየባችሁ ወይም አልከፈት ካለ ደግሞ ሳትደናገጡ ይህን አድርጉ። በሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ዳታ፣ ኦቶዴስክ፣ ሬቪት፣ አዲንስ በሚለው መንገድ ሂዱ። ፎልደሩ ስውር ስለሆነ ስውር ፋይሎችን አሳይ ማለት አለባችሁ። ውስጡ በዓመት የተከፋፈሉ ፎልደሮች አሉ። በያንዳንዱ ውስጥ ስማቸው በነጥብ አዲን የሚያልቅ ትንንሽ ፋይሎች ታያላችሁ። የጠረጠራችሁትን ወደ ዴስክቶፕ አውጡና ሬቪትን ክፈቱ። ፋይሉ ከሌለ ፕለጊኑ አይነሳም። ችግሩ ከቀረ አገኛችሁት። ካልቀረ መልሱትና ቀጣዩን ሞክሩ። በተጠቃሚው አፕ ዳታ ሮሚንግ ውስጥም ተመሳሳይ ፎልደር አለ፤ እሱንም ማየት ነው። ከአፕ ስቶር የወረደው ደግሞ ኦቶዴስክ ውስጥ አፕሊኬሽን ፕለጊንስ በሚለው ስር ይቀመጣል።

የቨርዥን ነገር አትርሱ። ለ2023 የተሠራ ፕለጊን 2025 ላይ ላይነሳ ይችላል፤ ሬቪት ከ2025 ጀምሮ ዶት ኔት 8 ወደሚባለው የፕሮግራም መሠረት ስለተሸጋገረ ብዙ አሮጌ ፕለጊኖች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በአዲስ ቨርዥን የተቀመጠ ፋይል ደግሞ በአሮጌው አይከፈትም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ስለዚህ የቢሮውን ሬቪት ከማሳደጋችሁ በፊት የምትተማመኑበት ፕለጊን ለአዲሱ ወጥቶለት እንደሆነ እዩ።

የመጨረሻው ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩ ነው። አንዳንድ ፕለጊን ሞዴሉ ውስጥ ዱካውን ይተዋል። ያ ፕለጊን የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት «የሦስተኛ ወገን አፕዴተር የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ስትራክቸር የሚሠራልን ኢንጂነር ኮምቦልቻ ነው። መጀመሪያ ይህ ሲመጣበት ደውሎ «ወንድሜ፣ ቫይረስ ነው እንዴ የላክልኝ?» አለኝ። አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ መቀጠል ይችላል። አሁን ግን ፋይሉን ከመላኬ በፊት ፕለጊን በሌለው የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እከፍተዋለሁ። ማስጠንቀቂያ ካወጣ የፕለጊኑን ስም ከፋይሉ ጋር በቴሌግራም ጽፌ እልክለታለሁ።